2.81 ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የሰብል ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ አራት አዳዲስ የስንዴ ዝርያዎችን አርሶ አደሩ ከሚዘራው ነባር ዝርያ ጋር በአራት ብሎክ (ሁሉም ዝርያዎች ጎን ለጎን በሚዘሩበት የማሳ ክፍል) አወዳድሬአለሁ። አዳዲሶቹ በሄክታር በ5.1፣ በ4.0፣ በ3.4 እና በ1.2 ኩንታል ከነባሩ በልጠዋል፤ የስህተቱ ቫሪያንስ (በአጋጣሚ የሚመጣው የምርት መለዋወጥ መለኪያ) 4.5፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙም (ይህን መለዋወጥ ለመገመት ያለው ነጻ መረጃ ብዛት) 12 ነው። ከቲ ሰንጠረዥ 2.18ን ወስጄ ስሠራ ሦስቱ ዝርያዎች አለፉ፤ አማካሪዬ ባዘዙኝ የደኔት ሰንጠረዥ ግን ቁጥሩ 2.81 ሆነና አንዱ ብቻ አለፈ። ይህ ቁጥር እንዴት ይሰላል? ለገምጋሚዎቼስ ምን ብዬ ላስረዳ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ አማካሪዎ ትክክል ናቸው። ይህ ቁጥር አንድ ልዩነት እንዲያልፍ የመደበኛ ስህተቱን (በአጋጣሚ ሊዛባ የሚችልበትን መጠን) ስንት እጥፍ መብለጥ እንዳለበት የሚናገር ወሰን ነው። 2.18 የተዘጋጀው ለአንድ ንጽጽር ሲሆን እርስዎ ግን አራት ንጽጽሮችን በአንድነት አድርገዋል። አራቱ እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑ ኖሮ፣ 0.95 አራት ጊዜ ሲባዛ 0.8145 ስለሚሆን፣ በዝርያዎቹ መካከል ምንም ልዩነት ሳይኖር ቢያንስ አንዱን በስህተት «ይበልጣል» የማለት ዕድልዎ ከ5 በመቶ ወደ 18.5 በመቶ ያድግ ነበር።

ንጽጽሮቹ ግን ይገናኛሉ፤ የስሌቱም ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ነባሩ ዝርያ የተዘራበት መደብ ውሃ ተኝቶበት ምርቱ ቢቀንስ፣ አራቱም አዳዲስ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ የተሻሉ መስለው ይታያሉ፤ አራቱም የሚቀነሱት ከዚያው ከአንዱ አማካይ ነውና። የእያንዳንዱ ልዩነት ቫሪያንስ ግማሹ ከአዲሱ ዝርያ፣ ግማሹ ከጋራው ማነጻጸሪያ ስለሚመጣ፣ ድግግሞሹ እኩል በሆነበት ሙከራ በማናቸውም ሁለት ልዩነቶች መካከል ያለው ተዛምዶ (አብሮ የመለዋወጥ መጠን) 0.5 ነው። ይህን ዝምድና ከግምት የማያስገባው፣ 5 በመቶውን ለአራቱ ንጽጽሮች እኩል የሚያካፍለው የቦንፈሮኒ ዘዴ 2.93 ይሰጣል። ሁሉንም ዝርያዎች ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያነጻጽረው የቱኪ ዘዴ ደግሞ እርስዎ ያልጠየቋቸውን ስድስት ንጽጽሮች ጭምር ስለሚሸፍን 3.19 ይደርሳል።

ካናዳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ቻርልስ ደኔት በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ይህንኑ ዝምድና ይጠቀምበታል። በመጀመሪያ የማነጻጸሪያው አማካይና ከመረጃው የተገመተው መደበኛ ልይይት የታወቁ ናቸው ብለን እንነሣ፤ እነዚህ ከተወሰኑ አራቱ ንጽጽሮች አንዱ ከሌላው ነጻ ስለሚሆኑ፣ ሁሉም፣ ምልክታቸው ሳይታይ፣ ከአንድ ወሰን በታች የመሆናቸው ዕድል የአራቱ ዕድሎች ብዜት ነው። ቀጥሎ ሁለቱ መጠኖች ከሙከራ ሙከራ ስለሚለዋወጡ፣ ያንን ብዜት በሚይዟቸው ዋጋዎች ሁሉ ላይ በኢንተግራል እናማክላለን። በመጨረሻ ውጤቱ 0.95 የሚሆንበትን ወሰን እንፈልጋለን፤ 2.5 ብንሞክር ከ0.95 ያንሳል፣ 3 ብንሞክር ይበልጣል፣ እንዲህ እያጠበብን ስንሄድ 2.81 ላይ እንደርሳለን። አንድ አዲስ ዝርያ ብቻ ቢኖር ይኸው ስሌት የታወቀውን 2.18 መልሶ ይሰጣል።

ኢንተግራሉ የሚከብዳቸው ገምጋሚዎች ካሉ በኮምፒውተር ማሳየት ይቻላል። ምንም ልዩነት የሌላቸውን አምስት ዝርያዎች በእርስዎው የሙከራ ንድፍ 100,000 ጊዜ በዘፈቀደ ቁጥር ያስመስሉ፤ በየጊዜው ከአራቱ የቲ ዋጋዎች ምልክቱ ሳይታይ ትልቁን ይመዝግቡ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ 95,000ኛው ላይ የሚያገኙት ቁጥር ለ2.81 በጣም የቀረበ ይሆናል። እኔ ከሰንጠረዡ ይልቅ ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ተማሪው የቁጥሩን ምንጭ በዓይኑ ያየዋልና።

ወደ ማሳዎ ስንመለስ፣ የልዩነቱ መደበኛ ስህተት 4.5 በ2 ተባዝቶ፣ ለ4 ተካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 1.5 ኩንታል ነው። በ2.81 ሲባዛ ወሰኑ 4.2 ኩንታል ስለሚሆን የሚያልፈው 5.1 ብቻ ነው፤ በ2.18 ግን ወሰኑ 3.3 ስለነበር 3.4 እንኳ አልፎ ነበር። ምናልባት አንድ ሰው «የፈለግኸው ብልጫን ብቻ ስለሆነ ባለ አንድ አቅጣጫውን ቁጥር ተጠቀም» ይልዎት ይሆናል። ያ ቁጥር 2.41 ነው፤ ወሰኑን ወደ 3.6 አውርዶ 4.0ን ያሳልፋል። ይህ ውሳኔ በጥናቱ ዕቅድ ላይ ከአጨዳው በፊት ተጽፎ ከነበረ ተገቢ ነው። ውጤቱ ከታየ በኋላ ከሆነ ግን እባክዎ አያድርጉት፤ በዚህ ውጤት ተማምኖ ዘሩን የሚቀይር አርሶ አደር አለ።

ሙከራውን በሚቀጥለው ዓመት የሚደግሙት ከሆነ በየብሎኩ ለነባሩ ዝርያ ሁለት መደብ ይስጡት። ደኔት ለማነጻጸሪያው የመከረው የድግግሞሽ ብዛት በግምት የሌላው ድግግሞሽ በትሪትመንቶቹ (ከማነጻጸሪያው ጋር በሚወዳደሩት አዳዲስ ዝርያዎች) ቁጥር ስኩዌር ሩት ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ለአራት ዝርያ ይህ እጥፍ ማለት ነው። የስህተቱ ቫሪያንስ ያው 4.5 ቢሆን መደበኛ ስህተቱ ከ1.5 ወደ 1.3 ይወርዳል። ተዛምዶው ግን ወደ አንድ ሦስተኛ ስለሚቀንስና ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 16 ስለሚሆን 2.81 ከዚያ በኋላ አያገለግልዎትም፤ አዲሱን ቁጥር አር በተባለው ሶፍትዌር መልቲኮምፕ በሚለው ጥቅል ያሰሉት።