የሕፃን ትንፋሽ ሲፈጥን፦ ከወሎ የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከወሎ የደረሱን ናቸው፤ ሁሉም ስለ ሕፃናት ሳልና ትንፋሽ ይጠይቃሉ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የ4 ወር ልጄን ጉንፋን ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሌሊት ደረቱ ያንኮራፋል፣ ያስላል። ጤና ጣቢያው ከመንደራችን በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ተሸክሜው ልሄድ አልችልም፤ ቸል ብዬ ደግሞ ኋላ መጸጸት አልፈልግም። መቼ ነው ልነሣ? (እናት፣ ከኩታበር ገጠር)

መልስ፦ እህቴ፣ የሳሉ ድምፅ ብዙም አይነግርሽም። አፍንጫው የታፈነ ሕፃን ቤቱን እስኪሞላው ያንኮራፋል፤ ግን ደህና ነው። ሳንባ ምች የያዘው ጨቅላ ደግሞ እምብዛም ላያስል ይችላል። ስለዚህ ዓይንሽን ደረቱና ሆዱ ላይ አድርጊ፤ ትንፋሹንም ቁጠሪ።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ ግን በጥድፊያ አይሆንም። ልጁ ጠብቶ ጸጥ ሲል ወይም ሲተኛ ብርሃን ወዳለበት አቅርቢውና ልብሱን እስከ ብብቱ ግለጪ። ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ብለሽ ቁጠሪ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። በስልክ ሰዓት 1 ደቂቃ ሙሉ ይቆጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለሕፃን አይሠራም፤ ሕፃናት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ተንፍሰው ጥቂት ስለሚያርፉ ትንፋሻቸው ወጥ አይደለም። ሰዓቱንም ልጁንም እያየሽ ቁጥሩ ከተምታታብሽ ሙስበሃ ወይም መቁጠሪያ ያዢና በየትንፋሹ አንድ ፍሬ ሳቢ። ባለ 33ቱን ሙስበሃ አንዴ ጨርሰሽ፣ በሁለተኛው ዙር ደቂቃው ሳያልቅ 17ኛው ፍሬ ላይ ከደረስሽ 50 ሞልቷል ማለት ነው።

ያንቺ ልጅ ዕድሜ ላይ ደግሞ ወሳኙ ቁጥር 50 ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለው ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል ይባላል። ከ2 ወር በታች ላለ ጨቅላ 60፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ 40 ነው። ልቅሶና ትኩሳት ትንፋሽን ስለሚያፈጥኑ፣ ቁጥሩ ድንበሩ አካባቢ ከሆነ ልጁን አረጋግተሽ እንደገና ቁጠሪ። ሁለቴ ከፍ ካለ በዚያው ቀን ሂጂ። ቀበሌሽ ጤና ኬላ ካለው እዚያው ጀምሪ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓትና ለሳንባ ምች የሚሰጠውን መድኃኒት ይዛ ነው የምትሠራው።

ቁጥር ሳትጠብቂ የምትነሺባቸው ምልክቶችም አሉ። ልጁ አየር ሲያስገባ የጎድን አጥንቱ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ሳንባው ደክሟል፤ ጤነኛ ልጅ አየር ሲያስገባ ደረቱም ሆዱም አብረው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሲተነፍስ ማቃሰት፣ የአፍንጫ ቀዳዳው በየትንፋሹ መስፋት፣ ጡት መያዝ አለመቻል ወይም ይዞ ወዲያው መልቀቅ፣ የጠጣውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት፣ የምላሱና የድዱ ቀለም ወደ ሰማያዊ መለወጥ፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሌሊትም ቢሆን አይታደርበትም። ቀለሙን ከቆዳው ይልቅ በምላሱ ላይ ተመልከቺ፤ በጠይም ቆዳ ላይ አይታወቅም። ልጁ ከ2 ወር በታች ከሆነ ደግሞ ትኩሳት ብቻውን፣ ወይም ገላው መቀዝቀዙ ብቻውን፣ በቂ ምክንያት ነው።

ስለ መንገዱ አንድ ነገር። ብርዱን በመፍራት ልጁን በአንቀልባ ከጀርባ አዝለው ፊቱን በጋቢ የሚሸፍኑ ብዙ ናቸው። ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ይህ ይጎዳዋል፤ ቢጠቁርም ማንም አያየውም። ከፊትሽ፣ ደረትሽ ላይ፣ ራሱን ቀና አድርገሽ ያዢው፤ ጋቢውን ከኋላው አልብሺው፤ ፊቱ ክፍት ይሁን። የክትባት ካርዱን አትርሺ።

ትንፋሹ ካልፈጠነና የጠቀስናቸው ምልክቶች ከሌሉ ግን ቤት ይታከማል። ከመጥባቱ 10 ደቂቃ ያህል አስቀድመሽ በየአፍንጫው ቀዳዳ 1 ወይም 2 ጠብታ የጨው ውሃ ጨምሪ፤ ከዚያ ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ጠምዝዘሽ ንፍጡን ስቢ። ከፋርማሲ የሚገዛው ኖርማል ሳላይን ይመረጣል። ከሌለ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተሽ፣ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ አቀዝቅዢ፤ ካደረ ድፊው። አንድ ጊዜ ብዙ ከማጥባት ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይሻላል፤ አፍንጫው የተዘጋ ልጅ እየጠባ መተንፈስ ስለማይችል ይደክመዋል።

ጥያቄ፦ የ14 ወር ልጃችን ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሐኪሙ ፓፍ (ተረጭቶ ወደ ሳንባ የሚሳብ መድኃኒት) አዘዘለት፤ ስፔሰር የሚባለው፣ በፓፉና በልጁ አፍ መካከል የሚገባው ባዶ ዕቃ፣ ግን በየፋርማሲው ብንጠይቅ አላገኘንም። አፉ ውስጥ ብረጭለት ያለቅሳል፤ ለውጥም አላየሁም። (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለውጥ ያላየሽው መድኃኒቱ ሳንባው ስላልደረሰ ነው። ከፓፉ የሚወጣው ጭጋግ በጣም ፈጣን ስለሆነ በቀጥታ ሲረጭ አብዛኛው ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በመካከል ባዶ ዕቃ ሲኖር ጭጋጉ ይረጋጋል፤ ልጁም በራሱ ትንፋሽ ይስበዋል። ይህን ሥራ ባለ ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይሠራዋል፤ ስፔሰር በማይገኝበት ሁሉ ሐኪሞችም ይህንኑ ይመክራሉ።

ወፍራምና ንጹሕ ፕላስቲክ ምረጪ፤ ለስላሳ መጠጥ የነበረበት ከሆነ በደንብ ይታጠብ። የፓፉን አፍ ከፕላስቲኩ መቀመጫ ላይ አስደግፈሽ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ሳዪ። ቀዳዳውን ከሣልሽው መስመር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አድርገሽ በምላጭ ቁረጪ፤ የሰፋ ቀዳዳ አየር ያስወጣል፣ የጠበበ ግን ሲገፉት ይይዛል። ፓፉን አስገብተሽ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊ። በሌላው ጫፍ፣ ማለትም በጠርሙሱ አፍ ላይ፣ የሕፃን ማስክ ይታሰራል። ማስኩ ካልተገኘ የልጁን አፍና አፍንጫ አንድ ላይ የሚሸፍን ለስላሳ የፕላስቲክ ኩባያ ፈልጊና መቀመጫውን በፓፉ አፍ ልክ ቀዳድተሽ ፓፉን በቀጥታ አስገቢበት። ኩባያው ከጠርሙሱ ያነሰ አየር ስለሚይዝ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ከመጠቀምሽ በፊት በውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቢውና ሳትወለውዪ በራሱ ይድረቅ። በጨርቅ የተወለወለ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል፤ አዲስ ጠርሙስ ሳይታጠብ ሲሠሩበት «አልሠራም» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጁን ጭንሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪ፣ ጀርባውን ደረትሽ ላይ አስደግፊ። ፓፉን ነቅንቂ፣ ማስኩን ፊቱ ላይ ክፍተት ሳይኖር ግጠሚ፣ አንዴ ተጫኚ፤ ከዚያ ልጁ 5 ወይም 6 ጊዜ እስኪተነፍስ አታንሺ። ሁለተኛው ከታዘዘ እንደገና ነቅንቀሽ ድገሚ። ሁለቱን በአንድ ላይ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው።

«ሲያለቅስ በደንብ ይስባል» የሚባለው ስህተት ነው፤ የሚያለቅስ ልጅ አየሩን የሚያስወጣው በረጅሙ ስለሆነ ጥቂት ብቻ ይገባል። አረጋግተሽው ወይም ተኝቶ እያለ ስጪው። ለጥቂት ጊዜ እጁ ቢንቀጠቀጥ ወይም ልቡ ቢመታ አትደንግጪ። የታዘዘለትን በየ4 ሰዓቱ እየሰጠሽው ሰዓቱ ሳይደርስ ሲር ሲርታው ከተመለሰ ግን ሆስፒታል ይታይ። ልጃቸው ከ1 ዓመት በታች የሆነ ጎረቤቶች ፓፉን ተዋሱን ቢሉሽ እንቢ በያቸው፤ በዚያ ዕድሜ ሲር ሲርታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀጭን የአየር ቧንቧዎች እብጠት ስለሚመጣ ፓፍ እምብዛም አይረዳም።

ጥያቄ፦ የ7 ወር ልጄ ሳል ከጀመረው 12 ቀኑ ነው። አንድ ጊዜ አሞክሲሲሊን ጨርሷል። ትኩሳት የለውም፣ ይጠባል፣ ይጫወታል፤ ሳሉ ግን አልለቀቀውም። ሌላ ጠንከር ያለ መድኃኒት ልግዛለት? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አይግዙ፣ ወንድማችን። እንደገለጹልን ከሆነ ልጅዎ እያገገመ ነው። በቫይረስ የሚመጣው የሕፃናት የትንፋሽ ቧንቧ ሕመም በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ይበረታል፣ ከዚያ ትንፋሹ ይቀልለታል፤ ሳሉ ግን 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ሕመም ላይ እንደ አሞክሲሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ኃይል የለውም፤ ትርፉ ተቅማጥ ነው። ከ3 ሳምንት ካለፈ፣ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ወይም ሳሉ እየተደራረበ አስመልሶት የሚያበቃ ከሆነ ትክትክም ሆነ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

የሚቀጥለው ጊዜ በእርግጥ ሳንባ ምች ተብሎ ቢታዘዝለት እንዲህ ይሰጣል። በውሃ የሚሟሟው ባለ 250 ሚሊ ግራም የአሞክሲሲሊን ኪኒን ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ ጠዋት 1፣ ማታ 1፣ ለ5 ቀን ነው። ኪኒኑን ማንኪያ ላይ አድርገው ንጹሕ ውሃ ወይም የታለበ የእናት ጡት ወተት ያፍሱበት፤ ሲሟሟ ያጠጡት፤ ማንኪያው ላይ የቀረውንም እንዲሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ይደገማል። በሁለተኛው ቀን ደህና ስለሆነ ማቋረጥ፣ የተረፈውን ለታናሽ ማስቀመጥ፣ ሁለቱም የምናያቸው ጥፋቶች ናቸው። በ3ኛው ቀን ትንፋሹ ካልቀነሰ 5 ቀን እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ይመለሱ።

የሳል ሽሮፕ በዚህ ዕድሜ አይሰጥም፤ ቪክስም ከ2 ዓመት በታች አይቀባም።

ጥያቄ፦ የልጄ ልጅ 2 ወሩ ነው፤ ጉሮሮው ያንቃርረዋል። እኛ ዘንድ ለጋ ቅቤ ማስላስና እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ነው። ምራቴ እንቢ አለችኝ። ልጆቼን በዚሁ ነው ያሳደግሁ፤ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? (አያት፣ ከተንታ)

መልስ፦ እማማ፣ ምራትዎ ልክ ናቸው። ትንፋሽ ያጠረው ጨቅላ መዋጥና መተንፈስ ይምታታበታል፤ ቅቤው በትንፋሽ ቧንቧው ይወርዳል። ውሃ ቢሆን ሳንባው ያስወጣዋል ወይም ይመጠዋል፤ ቅባት ግን እዚያው ይቀመጥና ሳንባውን ያስቆጣል፤ ሳሉም ከጊዜ ጊዜ ይብሳል። በአፍንጫው የሚጨመር የዳማ ከሴ ጭማቂም ቢሆን ያቃጥለዋል። ማር ከ1 ዓመት በፊት አይቀመስ፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ የሕፃን አንጀት ላይ መርዝ ያመርታል።

እንጥል የትንፋሽ ችግር አያመጣም። ጉሮሮ ሲቆጣ አብሮ ያብጥና ይወርዳል፤ በሽታው ሲሻል ይመለሳል። ሲቆረጥ ግን ደሙ ላይቆም ይችላል፤ ምላጩም ብዙ ልጅ የነካ ሊሆን ይችላል። ቆርጠው የዳኑት ልጆች ሳይቆረጡም ይድኑ ነበር።

ሙቀት እንዲለብስ ማድረግዎ ግን ትክክል ነው። ሌሊት ምራትዎ እንዲተኙ ሕፃኑን ቀና አድርገው ይያዙላቸው፣ አጥሚት ያብስሉላቸው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ለክትባት እንዲሄድም ይጎትጉቱ። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ከሚሰጡት መካከል አንዱ ሳንባ ምች የሚያመጣውን ዋናውን ባክቴሪያ የሚከላከል ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ደጋ ነን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የምታስል ሕፃን ስላለችን ማታ ከሰል አቀጣጥለን በሩን ዘግተን እንተኛለን። ፍሙ ጭስ የለውም፤ ይጎዳታል? (ወላጆች፣ ከወገል ጤና)

መልስ፦ እሷን ብቻ ሳይሆን ሁላችሁንም ይገድላል። ጭሱ ያለቀ ፍም ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ተኝቶ የተመረዘ ሰው አይነቃም። ክፍሉን ማሞቅ ከፈለጋችሁ ከመኝታ በፊት በሩ ተከፍቶ ይሙቅ፤ ስትተኙ ማንደጃው ደጅ ይውጣ። ሕፃኗን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ አድርጋችሁ እናቷ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ጋቢ ደርባችሁ ያዟት፤ ከከሰል የተሻለ ሙቀት ነው፤ እናት እንቅልፍ ሲጥላት ግን ሌላ ሰው ይቀበላት።

የኩበትና የእንጨት ጭስም የሕፃን የአየር ቧንቧን ያሳብጣል። እንጀራ ሲጋገር ታዝላ ምጣድ ዳር አትዋል። ቡናውን ማንም ተዉ አይልም፤ ግን ደጅ ይቆላ፣ ዕጣኑም እሷ ካለችበት ክፍል ይራቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ወሯ ነው፤ ከሆስፒታል ስትወጣ በደሟ ያለው ኦክስጅን 93 በመቶ ነበር። ቤት በገዛነው የጣት መሣሪያ አንዳንዴ 86 ያሳያል። ደሴ ነው የምንኖረው። እየመላለስን ልንወስዳት ነው? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ መሣሪያውን እንጠርጥር። ለአዋቂ ጣት የተሠራ መቆንጠጫ የ9 ወር ልጅ ጣት ላይ ልክ አይነብም። አውራ የእግር ጣቷ ላይ ሞክሪ፤ እግሯ ከቀዘቀዘ በእጅሽ አሙቂው፤ ስትንፈራገጥ አታንብቢ። የልብ ምቱ ቁጥር መዝለሉን ትቶ ሲረጋ 1 ደቂቃ ያህል ጠብቀሽ ያኔ ያለውን ጻፊ።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ጤነኛ ልጅም ቁጥሯ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ደሴ ላይ 93 አያስደነግጥም። ረግቶ ከ90 በታች የሚነበብ ግን ደሴ ላይም ቢሆን ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ በዚያው ሰዓት ውሰጃት። ቁጥሩ 94 ሆኖ ደረቷ የሚሰረጉድ ወይም መጥባት ያቃታት ከሆነም እንዲሁ። በቀጠሮዋ ቀን መሣሪያውን ይዘሽ ሂጂና በአንድ ጊዜ በሆስፒታሉም በአንቺም ይለካ፤ ልዩነቱን ጽፈሽ ያዢ።