የቲማቲም እንቁራሪት ቀይ ስለሆነች ብቻ አንቶንጊሊ ናት አትበሉ

እህቴ፣ «የማዳጋስካር የቲማቲም እንቁራሪት ከየትኞቹ ትመደባለች? ደሴቱን ሙሉስ ትገኛለች ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው የማውቀውን ልንገርሽ። እዚህ አሜሪካ ቤቴ ውስጥ ሳሳድጋቸው ዓመታት አልፈዋል።

የቲማቲም እንቁራሪት አንድ ዝርያ አይደለችም። ዲስኮፈስ የሚባለው ወገን ሦስት ዝርያ አለው። ሦስቱም ከማዳጋስካር ውጪ በተፈጥሮ የትም የሉም። ስም ያወጣላቸው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ግራንዲዲዬ ነው፤ ኢንሱላሪስን እ.ኤ.አ. በ1872፣ ጊኔቲን በ1875፣ አንቶንጊሊን በ1877።

አንቶንጊሊ አገሯ ጠባብ ነው። በሰሜን ምሥራቅ፣ በአንቶንጊል ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ባለው ዝቅተኛ መሬት ትኖራለች። ማሮአንትሴትራ ከተማ ውስጥ በየቦዩና በየጓሮው ታገኛታለሽ። ጊኔቲ የምሥራቁ ዝናባማ ደን ናት። ኢንሱላሪስ ግን በደረቁ ምዕራብ ነው ያለችው፤ ትንሽና ቡናማ ናት፤ ቀይ ብለሽ ብትፈልጊያት አታገኚያትም።

የመጀመሪያዋን ስገዛ ሻጩ «አንቶንጊሊ ናት» ብሎኝ ነበር። አመንኩት። ቤት አምጥቼ መብራት ሥር ሳያት ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያለ ምስል አለ፣ ጎኗም ላይ ጥቁር መስመር። ጊኔቲ ነበረች! አንቶንጊሊ ጀርባዋ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ምስል የለውም፤ ወጥ ቀይ ነው። ያን ቀን ገልበጥ አድርጌ ላያት ስል ትንፋሽ ስባ ተነፋች፣ ነጭ ሙጫም ለቀቀችብኝ። ጣቶቼ ተጣበቁ። አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል፣ እባክሽ ጓንት አድርጊ።

አንቶንጊሊ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሳይቲስ፣ ማለትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ለንግድ እንዳትወጣ ታግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሦስቱም በቁጥጥርና በፈቃድ ወደሚነገዱት ዝርዝር እንዲገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ገበያ ላይ የነበረችው በአብዛኛው ጊኔቲ ናት። በዘር ምርመራ አንቶንጊሊና ጊኔቲ እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ስለተገኙ፣ በእርግጥ ሁለት ዝርያ ናቸው ወይ የሚል ጥያቄም ተነስቷል። እኔ ግን የመጡበትን ቦታ መለየቱ አሁንም ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ ጥበቃ የሚደረገው በየቦታው ነውና።

ቤተሰባቸው ማይክሮሃይሊዴ፣ ጠባብ አፎቹ፣ ነው። የእነዚህ አፍ ግን ሰፊ ነው፣ የላይ ጥርስም አላቸው። ዝምድናቸውም ከደሴቱ ሌሎች ጠባብ አፎች ይልቅ ለእስያዎቹ ይቀርባል። ምደባው ይለዋወጣል። የእኛዋ የባሌ ሐረና ጫካ እንቁራሪት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1989 ስትገለጽ በዚሁ ቤተሰብ ነበረች፤ አሁን ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ናት።

ያንቺዋን ጀርባዋንና ጎኗን በጥሩ ብርሃን አንስተሽ ፎቶ ላኪ፣ አብረን እናያለን።