ፓኬጁ እኔጋ ይሰራል፣ ባልደረባዬጋ አይሰራም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «በአር፣ በስታትስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው፣ የዳሰሳ ጥናት ዳታ የሚያጸዳ ፓኬጅ (ለሌላ ሰው የሚሰጥ የኮድ ጥቅል) ሰራሁ። ቴስቶቹ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም አለፉ። ባልደረባዬ ግን ኢንስቶል አድርጎ ሲያስኬደው የዕድሜው ኮለም አልተገኘም ይለዋል፣ ኮለሙ ደሞ ፋይሉ ላይ ቁጭ ብሏል። አንድ ሰው ፊልተሩን ትተሽ በካሬ ቅንፍ አድርጊው አለኝ፣ አደረግኩት፣ ኢረሩ ጠፋ ግን የሰው ቁጥር ጨመረብኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ኮለሙን ተይው፣ ኮለሙ ምንም አልሆነም። «አለ ግን አልተገኘም» ስትዪ ገና ሳልጨርስ ፊልተር ነው አልኩ፣ ማለትም ሁኔታውን የሚያሟሉትን መስመሮች ብቻ የሚያስቀረው ፈንክሽን። የኢረሩን የመጀመሪያ መስመር ቆርጠሽ ነው የላክሽልኝ፣ ግን «ኢረር ኢን ፊልተር» ብሎ እንደሚጀምር ልወራረድ። ባልደረባሽጋ እየተጠራ ያለው ዲፕላየር ከሚባለው የሰንጠረዥ ዳታ ፓኬጅ የመጣው ፊልተር አይደለም፣ አር ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ስታትስ የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ያለው ነው፣ እሱ ደሞ የጊዜ ተከታታይ ዳታ ላይ የሚሰራ ሌላ ነገር ነው፣ ስለ ኮለም የሚያውቀው የለም። «ዕድሜ ከ18 በላይ» ስትዪው ዕድሜ የሚባል ዕቃ ከሰንጠረዡ ሳይሆን ከውጪ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይጮሃል። ፓይፑም፣ ማለትም የአንዱን ውጤት ለቀጣዩ ፈንክሽን የሚያቀብለው ምልክት፣ አር ከ4.1.0 ጀምሮ ራሱ ይዞት የመጣው መሆን አለበት፣ ከፓኬጅ የሚመጣው የድሮው ቢሆን ኖሮ ባልደረባሽ ፊልተር ጋ ሳይደርስ ፓይፑ ላይ ይቆም ነበር።

ከመንካትሽ በፊት ግን፦ ቴስት ፎልደሩ ውስጥ የእውነተኛ መላሾች ዳታ ካለ አሁኑኑ አውጪው። ስም አጥፍቼዋለሁ አትበዪኝ፣ ዕድሜና ሰፈርና ስራ አንድ ላይ ካሉ ሰውዬው ይታወቃል። ጊት (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው) ውስጥ ከገባ ደሞ ፋይሉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፣ ያ ፓኬጅ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ታሪኩ ራሱ መጽዳት አለበት።

አሁን የአር ኮዶቹ ያሉበትን ፎልደር ክፈቺና ላይብረሪ የሚለውን ቃል፣ ማለትም ፓኬጅ የሚከፍተውን ትዕዛዝ፣ ፈልጊ። በየፋይሉ አናት ላይ ላይብረሪ ዲፕላየር፣ ላይብረሪ ምናምን ታገኚያለሽ፣ ሳላየው አውቀዋለሁ፣ ከስክሪፕት ወደ ፓኬጅ የሚሸጋገር ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው እሱን ነው። ይሄን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም እሱ ከገባሽ ግማሹ የፓኬጅ ጣጣ ይቀልሻል፣ እኔም ማስረዳቱን እወደዋለሁ።

ፓኬጅ ውስጥ ያለ ፈንክሽን አንድ ስም ሲፈልግ መጀመሪያ ራሱ ውስጥ ያያል። ካጣ የፓኬጁ ኔምስፔስ ውስጥ ያያል፣ ማለትም አንቺ የጻፍሻቸው ሌሎቹ ፈንክሽኖች። ከዛ ፓኬጁ ኢምፖርት ያደረጋቸውን፣ ከዛ ቤዝን፣ የአርን መሰረታዊ ፓኬጅ። እዚህ ድረስ ያለው ቤት ውስጥ ነው፣ ማንም ኮምፒውተር ላይ አንድ አይነት ነው። እዛም ካጣ ግን ዝም ብሎ አይቆምም፣ በሩን ከፍቶ ይወጣል፦ መጀመሪያ ግሎባል ኢንቫይሮመንት፣ ማለትም ኮንሶሉ ላይ ስትሞካክሪ የተውሻቸው ነገሮች፣ ቀጥሎ በላይብረሪ የተከፈቱት ፓኬጆች፣ መጨረሻ የተከፈተው ከፊት ሆኖ። አንቺጋ ዲፕላየር ተከፍቷል፣ ከስታትስ ፊት ቆሟል፣ ስለዚ ትክክለኛው ፊልተር ተገኘ። ባልደረባሽጋ ውጪ ቆሞ የጠበቀው ስታትስ ብቻ ነው።

«ላይብረሪውን ጽፌዋለሁ'ኮ፣ እሱጋ ለምን አልተከፈተም?» ትዪኝ ይሆናል። ዴቭቱልስ በሚባለው የፓኬጅ መስሪያ ውስጥ ሎድ ኦል ስትዪ ፋይሎችሽ አንቺው ሴሽን ውስጥ አንድ በአንድ ይሮጣሉ፣ ላይብረሪ የሚለውም መስመር አብሮ ይሮጣል፣ ዲፕላየር እውነትም ይከፈታል። ቴስት ስትዪም መጀመሪያ የሚያደርገው ሎድ ኦል ነው፣ ስለዚ ሁሉም አረንጓዴ። ፓኬጁ ኢንስቶል ሲደረግ ግን ኮዱ በዛች ሰዓት አንዴ ይሮጣል፣ የተፈጠሩት ፈንክሽኖች ይቀመጣሉ፣ ላይብረሪው ያኔውኑ ሰርቶ አለቀለት። ባልደረባሽ በማግስቱ ፓኬጅሽን ሲከፍት ያ መስመር የለም፣ የለም ማለት የለም።

ጥገናው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ላይብረሪዎቹን ከኮድ ፋይሎቹ ሁሉ አጥፊ፣ ሪኳየርም (እሱም ፓኬጅ መክፈቻ ነው) ካለ እሱንም፣ የስራ ፎልደር የሚቀይረው ሴት ዳብሊው ዲም ካለ አብሮ ይሂድ። ዩዝዚስ በሚባለው ፓኬጅ ዩዝ ፓኬጅ ብለሽ ዲፕላየርን የፓኬጅሽ መግለጫ የሆነው ዲስክሪፕሽን ፋይል ላይ ኢምፖርትስ ውስጥ አስገቢ። እዛ መጻፉ ግን ኢንስቶል ይደረግልኝ ማለት ብቻ ነው፣ ፈንክሽኖቹን አያመጣልሽም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ኮዱ ውስጥ ዲፕላየር፣ ሁለት ኮለን፣ ፊልተር ብለሽ ሙሉ ስሙን ጥሪ፣ ወይ በሮክሲጅን፣ ማለትም ከፈንክሽኑ በላይ በሚጻፈው ልዩ ኮሜንት፣ ኢምፖርት ፍሮም ጻፊና ዶክዩመንት በዪ። ኔምስፔስ ፋይሉን በእጅሽ አትንኪው፣ ዶክዩመንት ራሱ ይጽፈዋል። ቼክ፣ ማለትም ፓኬጁን በሙሉ የሚፈትሸውን ትዕዛዝ፣ ስታስኬጂ ካሁን በፊት «ፊልተር የሚባል ፈንክሽን አላየሁም፣ ከስታትስ ኢምፖርት ማድረግን አስቢበት» የሚል ማስታወሻ አውጥቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሰምተሽ አድርገሽው ከሆነ አጥፊው፣ ቼኩ የጠቆመሽ የተሳሳተውን ፊልተር ነው።

ያ የካሬ ቅንፍ ምክር ግን አናደደኝ። ቁጥሩ ለምን ጨመረ? ዕድሜው ባዶ የሆነ ሰው ሲኖር የዲፕላየር ፊልተር ይጥለዋል፣ ካሬ ቅንፍ ግን በቦታው ሙሉ ባዶ መስመር ይተክልልሻል። ኢረር ጠፋ ብሎ የሚጨበጭብ ጠጋኝ እንዲ ነው፣ የሚጮኸውን ዝም አሰኝቶ የሚዋሸውን ይሰጥሻል። መልሺው። ሌላም አለ፣ ዲስክሪፕሽንሽ ላይ ኮለም ስም ለማስተካከል ብቻ ከጊትሀብ የመጣ፣ ቴስት የሚባል የሌለው ፓኬጅ አይቻለሁ። የአራት መስመር ስራ ነው፣ ራስሽ ጻፊው። እንዲ ያለውን ርካሽ ዕቃ ስንት ጊዜ ከሰው ፓኬጅ ነቅዬ እንዳወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቴስቱን ደሞ ባዶ ዕድሜ እንዲይዝ አድርጊና ጻፊው። ከራስሽ የፈጠርሻቸው አምስት ሰዎች ይበቃሉ፦ አንዱ 17፣ አንዱ ልክ 18፣ አንዱ 19፣ አንዱ 64፣ አንዱ ባዶ። ውጤቱ ሁለት ሰው መሆን አለበት። ይቺ ቴስት ብትኖር ኖሮ የካሬ ቅንፉ ጉድ በዛው ሰከንድ ይያዝ ነበር። ቴስት ፋይሉ ውስጥም ላይብረሪ ዲፕላየር አትጻፊ፣ ያንኑ የውጪውን በር መልሶ ይከፍተዋል፣ በሽታው ይደበቃል።

አር ስቱዲዮ ሲዘጋ ወርክስፔሱን፣ ማለትም ኮንሶሉ ላይ የተውሻቸውን ነገሮች፣ በጭራሽ እንዳያስቀምጥ፣ ሲከፈትም የድሮውን እንዳይመልስ ሴቲንጉ ላይ አጥፊው። ከዛ አርን ሪስታርት አድርገሽ ቼክ አስኪጂ፣ ቴስት ብቻ አይደለም። ለባልደረባሽም ፎልደሩን ሳይሆን ቢልድ የተደረገውን፣ ወደ አንድ የታሸገውን ፋይል ስጪው። ለጥናቱ ትንተና፣ ለፓኬጁ ሳይሆን ለትንተናው ፕሮጀክት፣ አርኤንቭ የሚባለውን ፓኬጅ ተጠቀሚና የፓኬጆቹን ቨርዥን ቆልፊ፣ ግን የአርን ቨርዥን ለብቻው ተስማሙበት፣ አርኤንቭ ይጽፈዋል እንጂ አርን ራሱን አይቀይርልሽም። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በ2019 የወጣው 3.6.0 ሳምፕል የሚያወጣበትን መንገድ ስለቀየረ ያው ሲድ (ዕጣው የሚነሳበት ቁጥር) ከዛ በፊትና ከዛ በኋላ የተለያየ ሰው ይመርጣል።

ዳታውን ነገር እደግመዋለሁ፣ ምክንያቱም በሌላ በር ይገባል። ቴስት ለማወዳደሪያ ብለሽ የኤልኤም (የሪግሬሽን) ሞዴል በአርዲኤስ፣ በአር የራሱ ፋይል፣ ካስቀመጥሽ ሞዴሉ የሰራበትን ዳታ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ኮኤፊሸንቶቹን ብቻ ያስቀመጥሽ መስሎሽ ሰዎቹን በሙሉ ሰጥተሻል። ኮኤፊሸንቶቹን አውጥተሽ እነሱን ብቻ አስቀምጪ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም ኮለሙ አልተገኘም ካለ የኢረሩን የመጀመሪያ መስመር ሳትቆርጪ ላኪልኝ፣ ዳታውን ግን እንዳትልኪልኝ።