የመንገድ ክፍያ ለባሕር ዳር ያዋጣል? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን አንድ የመወያያ ገጻችን አባል ሐሳብ ጥሎ ነበር። «ባሕር ዳር የተጨናነቀችው መንገዱ በነፃ ስለሆነ ነው። ካሜራ ይሰቀል፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚያልፍ ይክፈል፣ ሒሳቡም በስልክ ይቆረጥ» የሚል። ክርክሩ ስለጦፈ የትራፊክ ምህንድስና የሚያስተምሩትን መምህራችንን ጋበዝን።

ዳሞት፦ እንኳን ደህና መጡ መምህር። ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው? ኬላ ተሠርቶ ገመድ ሊዘረጋብን ነው?

መምህር፦ ገመድ ካለማ ነገሩ ሞተ። በእጅ ገንዘብ የሚቀበል አንድ መስመር በሰዓት ከ300 እስከ 400 መኪና ቢያሳልፍ ነው። «ዝርዝር የለኝም» ሲጨመርበት ሰልፉን ኬላው ራሱ ይፈጥረዋል። የአዲስ አበባ አዳማን ፈጣን መንገድ የሄደበት ያውቃል፤ ሲገቡ ካርድ፣ ሲወጡ ክፍያ። ያ ለመንገዱ ወጪ የሚሰበሰብ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላ ነው፣ አታምታቱ። የከተማው ዓይነት መኪናውን አያስቆምም። ወይ መስታወቱ ላይ ያለች መሣሪያ ከመንገዱ በላይ ከተዘረጋው ብረት ጋር በሬዲዮ ትነጋገራለች፣ ወይ ካሜራ ታርጋ ያነባል። ሲንጋፖር መሣሪያ ታስገጥማለች፣ ለንደን ታርጋ ታነባለች።

የየጁቤው፦ ኬላማ ለጎጃም መቼ አዲስ ሆነ? ባሶ ገበያ በደመቀበት ዘመን ነጋዴው በየኬላው አሞሌ ይቀረጥ ነበር።

ዳሞት፦ ያ ሁሉ አሞሌ የት እንደገባ የሚነግረኝ ካለ የአሁኑንም እከፍላለሁ።

መምህር፦ ታሪኩን ለብቻችሁ ያዙት። ቀጣይ።

የሽምብጧ፦ መምህር፣ ለአንድ ጊዜ ማለፊያ ስንት ብር ይሆናል?

መምህር፦ እታለም፣ «በምን ይተመናል» ብትይኝ ይሻላል። የነገሩ ልብ እሱ ነው። ሲንጋፖር በ1975 ጀመረች (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው)። በወረቀት ነበር። ጠዋት ከ1፡30 እስከ 3፡30 መሐል ከተማ የሚገባ የቤት መኪና ለቀን 3 የሲንጋፖር ዶላር ከፍሎ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። አራት ሰው የጫነ በነፃ ይገባል። በ1998 ወደ ኤሌክትሮኒክ ዞሩ። ብልሃቱ የመጣው ያኔ ነው። ዋጋ የሚተምኑት ሰዎች የሚያዩት ካዝናውን አይደለም፣ ፍጥነቱን ነው። በከተማ ዋና መንገድ መኪናው በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ይፈልጋሉ። ከ20 በታች ከወረደ ዋጋ ይጨምራሉ። ከ30 ካለፈ ይቀንሳሉ። አዎ፣ ይቀንሳሉ! መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ደግሞ ምንም አይከፈልም።

ለምን ይሠራል ብትሉ፣ መንገድ ከአቅሙ በላይ ሲጫን በሰዓት የሚያሳልፈው መኪና ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ሁሉን ማባረር አያስፈልግም። ከአሥሩ አንዱ ሰዓቱን ቢቀይር ዘጠኙ ይፈታሉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠዋት ጠዋት መንገዱ እንዴት እንደሚቀል አይታችሁ የለ? የቀነሰው መኪና እኮ ብዙ አይደለም።

አንድ ነገር ልናገር፣ ደጋግሜም እናገረዋለሁ። ዓላማው ገቢ ከሆነ ተዉት። ገቢ የሚፈልግ አካል ዋጋ መቀነስ አይሆንለትም።

እንጅባሬው፦ እሺ፣ ግን በግምት ስንት ብር?

መምህር፦ አሁን ምን ስል ቆየሁ?

ባለሦስት እግር፦ ጋሼ፣ እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። የባለቤቱ ገቢና ቤንዚኑ ሲነሣ የሚተርፈኝ ትንሽ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ከተቆረጠብኝ ተሳፋሪው ላይ ከመጨመር ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

መምህር፦ እኔ ብሆን ባጃጅ አላስከፍልም። ለብዙው ሰው ታክሲውም አውቶብሱም እሱ ነው። ሌላ መሄጃ የሌለውን ሰው ማስከፈል ቅጣት ነው። ስቶክሆልም በጥር 2006 ማስከፈል ከመጀመሯ በፊት ምን አደረገች? 197 አዲስ አውቶብስና 16 አዲስ መስመር አስገባች። አውቶብሱ ቀደመ፣ ካሜራው ተከተለ። ሰባት ወር ሞከሩት። ወደ መሐል የሚገባውና የሚወጣው መኪና 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሙከራው ሲያበቃ መኪናው ተመልሶ መጣ። ከዚያ ከተማው በመስከረም ድምፅ ሰጠበት። ከሙከራው በፊት አብዛኛው አይሆንም ይል ነበር፤ አይቶት ግን አጸደቀው። ለንደንም በየካቲት 2003 ስትጀምር በዚያው ቀን 300 ያህል አውቶብስ ጨምራ ነው።

አንተንም ግን ልንካህ። ገበያው ጋ ቆሜ ያየሁት ነው። «ወራጅ አለ» ሲባል ባጃጁ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ጠርዝ አይዝም። ሴትዮዋ ዘንቢሏን ታወርዳለች። ሁለት መቶ ብር ትዘረጋለች። ሹፌሩ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ባጃጅ ላይ ይጮኻል። ከኋላው እህል የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ከአይሱዙው ኋላ ያለው ምን እንደተፈጠረ እንኳ አያይም፤ ጥሩምባውን ብቻ ይነፋል። ይህን ሰልፍ ካሜራ አይፈታውም። የባጃጅ መውረጃ ቦታ፣ የጭነት ማራገፊያ ሰዓትና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ይፈቱታል። ማቆሚያውም እንደ ሰዓቱ ዋጋው ይለያይ።

ባለሦስት እግር፦ መውረጃ ቦታ ስጡንና ጠርዝ ካልያዝን ቅጡን።

ዓባይ ማዶ፦ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ቢደረግስ? ሁሉም በዚያው ነው የሚያልፈው።

መምህር፦ ይህን ጠብቄው ነበር። ድልድዩ 43 ሜትር ስፋት አለው። ሰፊው ላይ አስከፍሎ ጠባቡን የገበያ መንገድ መተው ምን ይባላል? «ሁሉም በዚያው ያልፋል» ያልከው ራሱ ሐሳብህ ገቢ ላይ መሆኑን ያሳያል። ገቢ ከሆነ ተዉት ብያለሁ።

ብስክሌተኛው፦ ድልድዩ ላይ የብስክሌት መንገድ አለ እኮ! ይህች ከተማ የብስክሌት ከተማ ነበረች። ባጃጅ ነው የገደለን።

የማርቆስ ሰው፦ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ብስክሌት ማለት ቀላል ነው። ና እስኪ የማርቆስን ዳገት ግፋ።

ብስክሌተኛው፦ ጥያቄው ስለ ባሕር ዳር ነው፣ ማርቆስን ማን ጠራት?

የማርቆስ ሰው፦ ሁሌም እንዲሁ ናችሁ።

መምህር፦ ጨርሳችኋል? ብስክሌት ጥሩ ነው። ቀጣይ።

ቡሬ፦ ካሜራው የት የት እንደሄድኩ ያውቃል ማለት ነው?

መምህር፦ ያውቃል። ሆንግ ኮንግ በ1980ዎቹ ሞክራ ከተወችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። መረጃው ስንት ቀን ይቀመጥ፣ ማንስ ይየው የሚለውን የሕግ ሰው ጠይቅ።

ቡሬ፦ ታርጋውን ጭቃ የቀባስ?

መምህር፦ ለዚያ ትራፊክ ፖሊስ አለ።

ፍኖተ ሰላም፦ የኤሌክትሪክ መኪና በነፃ ይለፍ? አየሩን አይበክልም።

መምህር፦ አይለፍ። ለመንገድ ጥገና የሚውለው የመንገድ ፈንድ ነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ይሰበሰባል። አሁን መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሎ የኤሌክትሪኩ ቁጥር እየጨመረ ነው። እሱ ነዳጅ አይቀዳም፣ ስለዚህ በነዳጅ በኩል ለመንገዱ አያዋጣም። ሰልፍ ላይ የሚይዘው ቦታ ደግሞ ያው ነው። ለንደን እንኳ ለኤሌክትሪክ ሰጥታው የነበረውን ሙሉ ነፃ ማለፊያ በ2025 መጨረሻ አንስታለች።

ደጀን፦ አሁን ነው የገባሁት። ዋጋው ስንት ብር ነው?

የሽምብጧ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ ወንድሜ፣ እኔም ተቆጥተውኛል።

ዳሞት፦ መምህር፣ እኛ ዛሬ ምን ማድረግ እንችላለን?

መምህር፦ ቁጠሩ። ሳይቆጠር ካሜራ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ። ለአንድ መስቀለኛ ሁለት ሰውና አንድ ደብተር ይበቃል። ጠዋት ከ1፡00 እስከ 3፡30፣ በየ15 ደቂቃው አዲስ መስመር ጀምሩ። ባጃጅ፣ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ጭነትና ብስክሌት ለየብቻ ይጻፍ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይሁን። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ በሌላ ወረቀት ያዙት።

ባለሦስት እግር፦ የገበያውን ማዕዘን እኔ እይዛለሁ፣ ጠዋት እዚያው ነኝ።

መምህር፦ አንተ ንዳ። የሚቆጥር ሌላ ሰው ይቁም፤ ዝናብ ከጣለም የዚያን ቀን አትቁጠሩ።