ኮምፒውተር ሳይንስ ልጀምር ወይ?

«በሶሺዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ሰዎች ለአየር ንብረት ለውጥ የሚሰጡትን ምላሽ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጥናት እፈልጋለሁ። ፕሮግራም መጻፍ ግን አልችልም። ከዜሮ ተነስቼ ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

አሁን አትጀምሪ። የዚህን ሥራ ከባድ ክፍል ተምረሽዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ከ100 በላይ ተመራማሪዎች ተባብረው አንድ ጥናት አወጡ። ጥያቄያቸው ሰዎች ከለውጡ ጋር ለመላመድ በተግባር ምን እያደረጉ ነው የሚል ነበር። ከ48,000 በላይ ጽሑፎች ቀረቡላቸው። ይህን ሁሉ በዓይን አንብቦ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ የተወሰኑትን ራሳቸው እያነበቡ «ይሄ ይገባል፣ ይሄ አይገባም» ብለው ለዩ። ማሽኑ ከዚያ ተምሮ የቀረውን በማጣራት አገዛቸው። በመጨረሻ የቀሩትን 1,682 ጽሑፎች ያነበቡት ግን ሰዎች ናቸው። ያገኙት ያሳዝናል። በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት ግለሰቦችና ቤተሰቦች ናቸው፤ እርምጃው የተበታተነ ነው፤ ጉዳቱን ስለመቀነሱም ማስረጃው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያውን ልየታ ልብ በይ። ድርቅ ሲደጋገምበት አንድ ቤተሰብ ከብቶቹን ሸጦ ከተማ ገባ እንበል። ይህ መላመድ ነው ወይስ አማራጭ አጥቶ መሰደድ? ድርቁ ነው ያስወጣው ወይስ የልጆቹ ትምህርት? ማሽኑ ይህን ከራሱ አያውቅም። አንቺ የሰጠሽውን መለያ ይዞ ይሄዳል፤ ከተሳሳትሽም ስህተትሽን በሺህ ያባዛዋል። ቃለ መጠይቅ ኮድ ማድረግ፣ ማለትም የተባለውን በየሐሳቡ እየለዩ መለያ መስጠት፣ ተምረሽ የለ? ያው እሱ ነው።

ስለዚህ 300 ያህል አጫጭር ጽሑፎች ሰብስቢ። የዜና ዘገባ ወይም የጥናት አጠቃሎ ሊሆን ይችላል። አንቺና ጓደኛሽ ሳትነጋገሩ ለየብቻ ለዩአቸው። ከዚያ ስምምነታችሁን ኮሄን ካፓ በሚባል የስታቲስቲክስ መለኪያ ለኩ። 1 ሙሉ ስምምነት ነው፤ 0 ከሆነ በአጋጣሚ ከመገጣጠም አይሻልም። ዝቅ ካለ አትጣሉ፤ የመለያ መመሪያችሁ ግልጽ አይደለም ማለት ነው፣ እሱን አስተካክሉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብዙ ፕሮግራመር የማይችለው ይህንን ነው።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሰንጠረዥ መክፈት፣ ጽሑፍ ማጽዳትና እንደ ቤርት ያለ በነፃ የሚገኝ የቋንቋ ሞዴል በራስሽ መለያዎች ማሠልጠን ለመጀመሪያ ይበቃሻል። ማሽኑ «አይገባም» ብሎ ከጣላቸውም በዕጣ ጥቂት አውጥተሽ አንብቢ። ይህን የሚዘለው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቻትቦት ገበሬ ወይም ዓሣ አጥማጅ መስሎ መጠይቅ እንዲሞላልሽ አታድርጊ። ጎርፍና ድርቅ ከሚጎዳቸው ሰዎች ብዙዎቹ በጽሑፍ ውስጥ የሉም፤ ሞዴሉም ያልተጻፈውን አያመጣውም። እነሱን ሄደሽ ጠይቂ።

ለሁለተኛ ዲግሪም ሆነ ለረዳት ተመራማሪነት ስታመለክቺ የመለያ መመሪያሽን፣ የካፓ ውጤትሽንና ያልተስማማችሁባቸውን ጽሑፎች አያይዢ። ለምን እንዳልተስማማችሁ በአንድ ገጽ ጻፊበት።