10 ሜትር ባንድ ጭር ብሎብኛል ላልከው ወንድሜ

«አዘዞ ነኝ፣ 10 ሜትር ላይ ማታ ማታ ብቀመጥ ጭጭ ነው፣ ሰው እንዴት ላምጣ?» ብለህ ጠይቀሃል። 10 ሜትር ማለት 28 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው የአማተር ሬዲዮ ሞገድ ነው። ሌላ ከተማ ቢሆን አልፌው ነበር፤ እኔም እዚሁ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ስለሆንኩ ዝም ማለት አቃተኝ። ፈቃዱም ሬዲዮውም እጅህ ላይ ነው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ፈቃድ ከሌለህ ማዳመጥ እንጂ መላክ የለም፣ የማይኩን ቁልፍ እንዳትነካት።

1. በመጀመሪያ ማታ ማታ የሚለውን ተው። 10 ሜትር የፀሐይ ባንድ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይተኛል። ከረፋድ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ነው ሰው የሚገኝበት። ባንዱ ክፍት መሆኑን ለማወቅ 28.200 ሜጋኸርዝ ላይ ሂድና ሬዲዮውን ሲደብልዩ (የሞርስ ኮድ መስሚያው) ላይ አድርገው። በዓለም ዙሪያ 18 ቢኮኖች (መለያቸውን በራሳቸው የሚልኩ ጣቢያዎች) እዚያ ላይ በየተራ አሥር አሥር ሰከንድ እንዲልኩ ተመድበዋል፣ በሦስት ደቂቃ ዙሩ ያልቃል። የኬንያ፣ የእስራኤል፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የፊንላንድ አለበት። እያንዳንዱ በ100 ዋት ጀምሮ እስከ 0.1 ዋት ይወርዳል። የፊንላንዱን ዝቅ ባለው ጉልበት ከሰማኸው መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቷል ማለት ነው፣ የጠፋው ተናጋሪ ብቻ ነው።

እኔን ያናደደኝም ይሄው ነው። ቢኮኑ ጥርት ብሎ እየገባ ድምፅ የሚወራበት ክፍል ላይ አንድ ነፍስ የለም። ግማሹ 28.074 ላይ ኤፍቲ8 (ኮምፒውተር ለኮምፒውተር የሚላላክበት ዘዴ) ከፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጧል። ግማሹ ደግሞ ሌላ ሰው እስኪጠራ ይጠብቃል።

2. ስለዚህ ጥራ። 28.450 ላይ ማንም አለመኖሩን አረጋግጥና ሲኪው («የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ» የሚለው ጥሪ) በል። ሁለቴ ጠርቶ «የለም» ብሎ መዝጋት ጥሪ አይባልም። ጥቂት ደቂቃ ጥራ፣ አዳምጥ፣ እንደገና ጥራ። ኢንተርኔት ካለ አንድ ጓደኛህ ዲኤክስ ክላስተር (ማን የትኛው ሞገድ ላይ እንዳለ የሚለጠፍበት ሰሌዳ) ላይ የጥሪ መለያህን ይለጥፍልህ። ኢትዮጵያ ከዚህ ሥራ አንፃር ብርቅ አገር ናት፤ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ያለው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ሲወጣ የሚሆነውን ሰምተህ ታውቃለህ። «ኢቲ» የሚል መለያ ሲታይ አውሮፓ በሙሉ ይነሳል። እኔ ዘንድ እንደዚያ ሆኖ ጣሊያኑ ጀርመኑ አንድ ላይ ሲጮህ መለያ ለመለየት አልቻልኩም፤ ከዚያ በቁጥር ጠራኋቸው፣ መለያው ላይ ዜሮ ያለበት፣ አንድ ያለበት እያልኩ ሁሉንም በወግ አስተናገድኩ። ሲጨርሱ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ «በሥርዓት ያዝካቸው» አለኝ። ይቺን እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ።

ቅሬታም አለኝ። አብዛኞቹ «59» (ጥርት ብለህ ትሰማለህ ማለት ነው) ብለው ውልቅ ነው። የአንተ ስም ማን ነው፣ ከተማህ የት ነው የሚል የለም። አንተ ግን እንደነሱ አትሁን። «ጎንደር ነኝ፣ የነገሥታቱ ግንብ ያለበት ከተማ፣ ከፍታችን 2,100 ሜትር ግድም ነው» በልና አንድ ጥያቄ ጠይቅ። ወሬ የያዘ ሰው ነገም ይመለሳል፣ ነጥብ የሚሰበስብ ግን አንዴ ካገኘህ በቃው።

3. ሰዓት። ቀጠሮ ሳይኖር ባንድ አይሞቅም። ቀጠሮ ስትይዝ ግን በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጻፍ! የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በፈረንጁ አቆጣጠር እዚህ 16 ሰዓት ነው፣ በዩቲሲ (በዓለም የጋራ ሰዓት) ደግሞ 13። ከአንድ ኬንያዊ ጋር ተቃጥረን እሱ በ10 ሰዓት ዩቲሲ ሲጠራኝ እኔ ምሳ እየበላሁ ነበር። አሁን ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ዋናውን ነገር ልንገርህ። ሰው ያልበዛው አየሩ ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ብዙው ሰው ከውጭ የመጣ ዕቃ ማውጫ መስኮት ላይ ተስፋ ቆርጦ ስለሚቀር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አንቴና ማስተካከያዬን (አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያስማማ ሣጥን ነው) ላወጣ ሄድኩ። ሰውየው ካርቶኑን ገልብጦ፦

«ይሄ ምን ይሠራል?»
«ከዓለም ሰው ጋር ለመነጋገር።»
«ስልክ የለህም?»

ሳቅ መጣብኝ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ዜና የማሰራጭ መሰለው። ፈቃዴን አሳየሁት፣ «ይሄ ለሬዲዮው ነው፣ ይሄ ደግሞ ሬዲዮ አይደለም» አለኝ። ሬዲዮ አይደለም ካልክ ለምን ትከለክለኛለህ ስለው ወደ ሌላ ክፍል ላከኝ፣ ከዚያ ደብዳቤ፣ ከዚያ የደብዳቤው ማኅተም አይነበብም፣ ከዚያ ነገ። ሻይ ቀርቦ እስኪጠጣ ቆሜ የጠበቅኩበትን ቀን አልረሳውም። በመጨረሻ ያወጣልኝ አንድ የኤሌክትሪክ ነገር የሚገባው አለቃ ነው፤ ሣጥኑን ከፍቶ ጥቅልሉን አይቶ «ኮይል ናት እኮ» አለና ፈረመ። አንተ ስትሄድ ዕቃው ምን እንደሆነ በግማሽ ገጽ አማርኛ ጽፈህ ሂድ። ከላይ «ማሰራጫ ጣቢያ አይደለም» በል። የፈቃዱን ኮፒ አያይዝ። ጠዋት ሂድ፣ ከምሳ በኋላ ማንም ሰው አታገኝም።

አንቴናን በተመለከተ ገንዘብ አታጥፋ። ለ28.4 ጠቅላላ 5 ሜትር ሽቦ፣ ለሁለት ተከፍሎ በየጎኑ 2.5። ፒያሳ ካሉት ሱቆች ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል። በባሕር ዛፍ እንጨት ከቆርቆሮው ከፍ አድርገህ ምሥራቅና ምዕራብ ዘርጋው፣ ፊቱ ወደ አውሮፓ ይሆናል። ጩኸት ከበዛብህ የቤትህን ቻርጀርና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ንቀል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ስለሚል የምሰማው ያኔ ነው፣ ለዚህም ባትሪ አለኝ። የባጃጁን ጩኸት ግን ምንም አታደርገውም።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ከባሕር ዳር ወይ ከአዲስ አበባ መልስ ካልመጣ አትቀየም። 10 ሜትር ላይ ድምፅህ ሰማይ ነክቶ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ነው የሚያርፈው። ጀርመን እየሰማህ ባሕር ዳርን አትሰማም። የአገር ልጅ ለማሰባሰብ ቀን ቀን 7 ሜጋኸርዝ ላይ ተገናኝና ከዚያ ተቀጣጠር። እኔና አንተ ግን ማራኪና አዘዞ ስለሆንን በቀጥታ እንሰማማለን።

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በዩቲሲ 13፣ 28.450 ላይ አለሁ። ጠርተኸኝ ዝም ካልኩ መብራት ሄዶ ባትሪ እያገናኘሁ ነው፣ ድገምልኝ።