አዳራሽ ሞልቶ ሐሳብ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲከለስ ነዋሪውን የማወያየት ሥራ ተሰጥቶኛል። ስብሰባ ብንጠራም የተናገሩት የተለመዱት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ መጀመሪያ ጊዜውን ያጣሩ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማሳወቂያ እንጂ ውይይት አይደለም። ስለ ዜጎች ተሳትፎ የጻፈችው አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስቲን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ስምንት እርከን ባለው የተሳትፎ መሰላል፣ ማሳወቅና ማማከር የተመደቡት ከለበጣ፣ ማለትም ለይስሙላ ከሚደረግ፣ ተሳትፎ ነው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ይዘው ይቅረቡ፤ ለድርድር የማይቀርበውን፣ ለምሳሌ ጎርፍ የሚተኛበትን መሬት፣ ከመነሻው ይናገሩ።

ትልቁ ሥራ ካርታው ላይ ነው። በ1:2,000 ስኬል (የካርታው 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 20 ሜትር ሲሆን) በኤ0 ወረቀት (1.2 በ0.84 ሜትር ገደማ) ሲታተም 2.4 በ1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ሰው የራሱን ግቢ ያገኝበታል። በ1:10,000 ግን ቤቱ ነጥብ ይሆንና ውይይቱ ወደ ጥቅል ንግግር ይሸሻል። የቀለም መፍቻው ብቻውን አይበቃም፤ ትምህርት ቤቱን፣ ድልድዩንና ገበያውን በስማቸው ይጻፉ። «ቅይጥ አገልግሎት» (መኖሪያና ንግድ አብረው የሚሆኑበት) የሚለውንም ስንት ፎቅ፣ ምን ዓይነት ሱቅ እንደሆነ ያብራሩ።

ተሰብሳቢውን ከ8 እስከ 10 ሰው በሚይዙ ጠረጴዛዎች ይከፋፍሉ፤ ለእያንዳንዱ አወያይና ጸሐፊ ይመድቡ። ማይክ ይቅር። ጥሪው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለባለይዞታው ስለሆነ፣ ተከራዮችና የጎዳና ነጋዴዎች ወደሚውሉበት ካርታውን ይዘው ይሂዱ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ምላሹን ነው። ለእያንዳንዱ አስተያየት ቁጥር ይስጡ፤ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱን ከነምክንያቱ በሠንጠረዥ አስፍረው ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ይለጥፉ። «አልተቻለም» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ያገደው የመንገዱ ስፋት ነው ወይስ የፍሳሽ መስመሩ?